ፌልት የተባለው የሙዚቃ ጓድ ከሸፈ ይባላልን?

በዚህ ዓመት፥ በአንድ የዕረፍት ሰዓት፥ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋራ ክርክር ገጠምን። ክርክሩ የተነሣው ፌልት ስለሚባል የእንግሊዝ አገር የሙዚቃ ጓድ ነበር። እኔ «ከኢንዲ ሮክ ጓዶች መካከል እንደ ፌልት ያለ የተሟላ ሥራ ትቶ ያለፈ ጥቂት ነው» ብዬ ተናገርሁ። ጓደኛዬም ስልኩን አውጥቶ ስማቸውን ፈለገና የአድማጮቻቸውን ቍጥር ካየ በኋላ ሣቀ። «የሚሰማቸው ሰው ይህን ያህል ብቻ ከሆነማ የከሸፉ ናቸው፤ ለከሸፈ ሰው ጠበቃ መቆም ምን ይጠቅምሃል?» አለኝ። ደወሉ ስለ ተደወለ መልሴን ሳልጨርስ ወደ ክፍል ገባን። የመጽሔታችን አዘጋጆች «ጽሑፍ ስጡን» ባሉን ጊዜ ያ ያልጨረስሁት መልስ ትዝ አለኝና ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ጓድ ስም ሰምተህ የማታውቅ ብትሆን ልታፍርበት አይገባም፤ በገዛ አገራቸውም የሚያውቃቸው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከክርክሩ አስቀድሞ ታሪካቸውን ልንገርህ። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ከበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ ዋተር ኦርተን የምትባል መንደር አለች። ላውረንስ የተባለ የዚያች መንደር ወጣት በ1979 በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ ጊታሩን እየመታ ድምፁን በተራ የካሴት መቅረጫ ቀረጸው፤ ያንንም «ኢንዴክስ» ብሎ በራሱ አሳትሞ በሸክላ አወጣው። እኔ ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ዜማ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ጊታሩ ይጮኻል፥ ሰውዬው ያጕረመርማል፥ በዚህም ያልቃል። ነገር ግን ማንንም ሳያስፈቅድ፥ የማንንም ደጅ ሳይጠና አደረገው። በሸክላዎቹ ላይ ስሙ ላውረንስ ብቻ ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ የአባቱ ስም የለበትም። የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ይህን እንደ ትልቅ ምሥጢር አድርገው ያወሩታል፤ ለእኛ ግን ሰው በገዛ ስሙ መጠራቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሞሪስ ዲባንክ የሚባል፥ ጊታርን በክላሲካል ሥርዓት የተማረ ጐበዝ አገኘና ጓዱ ጓድ ሆነ። ከበሮ መቺው ጋሪ ኤንጅ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ዘመን ገብቶ እስከ መጨረሻው ቀን ከላውረንስ ጋራ የቈየ ሰው ነው። በ1981 ቼሪ ሬድ የተባለው አሳታሚ ተቀበላቸው፤ በ1982 የመጀመሪያው አልበማቸው ወጣ።

እዚህ ላይ «ኢንዲ» የሚለውን ቃል መግለጽ አለብኝ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝን የሸክላ ንግድ አብዛኛውን የያዙት ጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች ነበሩ። ማተሚያው፥ ማከፋፈያው፥ ወደ ራዲዮ የሚያደርሰው መንገድ ሁሉ በእነርሱ እጅ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግን ትንንሽ አሳታሚዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዳንዱ በሱቅ ጓሮ፥ አንዳንዱም በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነበር። ከታላላቆቹ ስላልተጠጉ «ኢንዲፔንደንት» ማለት ራሳቸውን የቻሉ ተባሉ፤ ሕዝቡም አሳጥሮ ኢንዲ አላቸው። ከ1980 ጀምሮ የእነዚህ ሸክላዎች ብቻ የሚቈጠሩበት የሽያጭ ሰንጠረዥ ተዘጋጀላቸው። በዚያ ሰንጠረዥ አንደኛ መሆንና በትልቁ ሰንጠረዥ አንደኛ መሆን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ኢንዲው በትንሽ ቀበሌ ጭቃ ሹም እንደ መሆን ያለ ነው። ይህን ወደ ፊት ስለምፈልገው አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

አሁን ወደ ሙዚቃው ልመለስ። የመጀመሪያው አልበም ስድስት ዘፈን ብቻ አለው፤ ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ላውረንስ ከበሮ መቺውን ሲምባል የሚባለውን የናስ ሳህን እንዳይነካ ከልክሎት ነበር። የሮክ ከበሮ ያለ ሲምባል ማለት ወጥ ያለ በርበሬ እንደ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነገር ተወስዶበታል። ነገር ግን ስትሰማው ምክንያቱ ይገባሃል። የናሱ ጩኸት በሌለበት ቦታ የዲባንክ ጊታር እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ከበሮው ከሩቅ እንደሚመጣ የእግር ኮቴ ይሰማል። ላውረንስ በላዩ ይናገራል እንጂ ይዘፍናል ለማለት አልደፍርም። ድምፁ መልካም ድምፅ አይደለም። ጓደኛዬ ስለዚህ ቢሣለቅ ኖሮ አልከራከረውም ነበር።

በ1984 የወጣው ሁለተኛው አልበም ደግሞ ከስድስቱ አራቱ ቃል የሌላቸው ናቸው። ልብ በል፤ ሰውዬው ዘፋኝ ነው፥ ጓዱም የእርሱ ነው፥ ነገር ግን ከአልበሙ በሚበልጠው ክፍል ዝም ብሎ ጊታረኛው ይናገር ዘንድ ስፍራውን ለቀቀለት። በዚያው ዓመት የወጣውን ሦስተኛውን አልበም የሠራላቸው ጆን ሌኪ ነበር። ይህ ሰው በኋላ በ1989 የስቶን ሮዝስን የመጀመሪያ አልበም፥ በ1995 ደግሞ ሬዲዮሄድ የተባለው ጓድ «ዘ ቤንድስ» ብሎ ያወጣውን የሠራ ነው። እነዚያ ሁለቱ በዓለም ታወቁ። አንድ ባለሙያ፥ ያው ጆሮ፥ ያው እጅ፥ ለአንዱ ዝና ሆነለት፥ ለሌላው አልሆነለትም።

በ1985 አራተኛው አልበም ወጣ። ይህንን ያዘጋጀላቸው ኮክቶ ትዊንስ የተባለው የስኮትላንድ ጓድ ጊታረኛ ሮቢን ገትሪ ሲሆን፥ የዚያው ጓድ ዘፋኝ ኤልሳቤጥ ፍሬዘር በአንዱ ዘፈን ላይ ከላውረንስ ጋራ አዜመች። ዘፈኑ «ፕሪሚቲቭ ፔንተርስ» ይባላል፤ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ላውረንስ በዚያ በደረቀ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ እርስዋ ከኋላው ተነሥታ ጣራውን ትነጥቃለች። ይህ ዘፈን ቅድም በነገርሁህ በኢንዲው ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ፌልት በዕድሜው ያገኘው ትልቁ ሹመት ይህች የጭቃ ሹምነት ናት።

የዓለም ሥርዓት ቢሆን ከዚህ በኋላ ያንኑ ዓይነት ዘፈን ደጋግሞ መሥራት ነበር። ፌልት ግን ምን አደረገ? ዲባንክ ጓዱን ለቀቀ። ላውረንስም አለን ማክጊ ወደ መሠረተው ክሪኤሽን ወደሚባለው አሳታሚ ተሻገረ፤ እዚያም በመጀመሪያ ያወጣው አልበም፥ በ1986፥ አንድም ቃል የሌለበት፥ ርዝመቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ የሆነ ነው። ይህን ባሰብሁ ቍጥር እሥቃለሁ። በሩ ገና ገርበብ ሲልለት ሄዶ መልሶ እንደ መዝጋት ያለ ነው። ጓደኛዬ «የገዛ ጥፋቱ ነው» ቢለኝ በዚህ በኩል ግማሽ እውነት አለው፤ እኔም አልክድም።

ነገር ግን በዚያው በ1986 ስድስተኛው አልበም ተከተለ። «ፎርኤቨር ብሪዝስ ዘ ሎንሊ ዎርድ» ይባላል፤ በአማርኛ ብቸኛው ቃል ለዘላለም ይተነፍሳል እንደ ማለት ነው። ከፌልት ሥራ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ዘፈኖቹ ስምንት ናቸው። የዲባንክን ቦታ የወሰደው ሌላ ጊታር ሳይሆን ኦርጋን ነው፤ ኦርጋኑን የሚጫወተውም በአፍላ ጕርምስናው ጓዱን የተቀላቀለ ማርቲን ደፊ የሚባል ልጅ ነበር። የዚህ ልጅ ጣቶች በዘፈኑ መካከል እንደ ልብ ይሮጣሉ፤ ላውረንስም በዚህ አልበም ግጥሙን ሲያወጣ ከቀድሞው ይልቅ ቀለል ብሎታል። የሸክላው ሽፋን ላይ የታተመው ፎቶግራፍ የላውረንስ አይደለም፤ የደፊ ነው። መታወቅን የሚሻ ሰው የሌላውን ፊት በሽፋኑ ላይ ያትማልን? ደፊ በኋላ ፕራይማል ስክሪም ከሚባለው ከታወቀው ጓድ ጋራ ብዙ ዘመን ተጫውቶ በ2022 ዓረፈ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። በ1987 ሰባተኛው፥ በ1988 ስምንተኛውና ዘጠነኛው፥ በ1989 ዐሥረኛው ወጡ። ከእነዚህ ስለ ዘጠነኛው ብቻ ጥቂት እላለሁ። «ትሬን አበቭ ዘ ሲቲ» ይባላል። ደፊና ኤንጅ ሁለቱ ብቻቸውን የጃዝ ዓይነት ሙዚቃ ተጫወቱበት፤ ላውረንስ አንድ ገመድ አልነካበትም፥ አንድ ቃል አልተናገረበትም። ሥራው ለዘፈኖቹ ስም ማውጣት ብቻ ነበር። ለልጅ ስም የሚያወጣ አያት ሆነ ማለት ነው። እንደ አልበም ብዙ አልወደድሁትም፤ ሁለት ጊዜ ሰምቼ ተውሁት። ዐሥረኛው ግን መልካም ነው፤ ላውረንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ልጅነቱና ስለ አገሩ ያለ መጋረጃ ተናግሮበታል።

ከዚያ በኋላ አቆሙ። ዐሥር አልበም፥ ዐሥር አጭር ሸክላ፥ ዐሥር ዓመት። ላውረንስ አስቀድሞ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር ይላል። ተጠራጣሪ ሰው «ዕቅዱን ያወጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ የወደቀውን ፍሬ ቈጥሮ ያወረድሁት እኔ ነኝ ማለት ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እኔ በበኩሌ አስቀድሞ ቢያስበው ወይም በመንገድ ላይ ቢያስበው ለውጥ አይታየኝም። ዘጠኝ ላይ ደርሶ ዐሥረኛውን መሥራትና ዐሥራ አንደኛውን አለመሥራት፥ ሁለቱም የሚቻለው ለጥቂት ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ጓደኛዬ ቃል እመለሳለሁ። «ከሸፈ» የሚለውን ቃል ሲናገር የቈጠረው ጆሮ ነው። መጀመሪያ ጆሮው ለምን እንዳልመጣ እንይ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሳይታወቅ ለተነሣ ጓድ ዋናው በር በቢ.ቢ.ሲ. ሬዲዮ ዋን ማታ ማታ የሚሰማው የጆን ፒል ፕሮግራም ነበር። ፒል የወደደውን ጓድ ወደ ስቱዲዮ ጠርቶ ያስቀርጸዋል፤ ከዚያ በኋላ በየከተማው ያለ ተማሪ ሁሉ ይሰማዋል። ፌልት በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። አንድ ሰው ስላልወደደህ አገር ሳይሰማህ የሚቀርበት ዘመን ነበር። ይህን ለጓደኛዬ ብነግረው «ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የለም» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ዛሬ በእጁ የያዘው ስልክ የትኛውን ዘፈን እንደሚያቀርብለት ማን እንደሚመርጥለት ግን ጠይቆ አያውቅም።

በሌላ በኩል ዘ ስሚዝስን እንመልከት። እነርሱም ከማንቸስተር ተነሥተው፥ በ1983 የመጀመሪያ ሸክላቸውን በትንሽ አሳታሚ አውጥተው፥ ጊታሩ እንደ ፌልት ጊታር ጥርት ያለ፥ ግጥሙም እንደ ፌልት ግጥም ኀዘን የተሞላ ነበር። በ1987 እስኪበተኑ ድረስ በትልቁ ሰንጠረዥ ደጋግመው ከፍ ብለው ተቀመጡ። ልዩነቱ ምንድር ነው? ዘፋኛቸው ሞሪሲ ሕዝብ አብሮት ሊያዜመው የሚችል ዜማ ነበረው፤ በመድረክም ላይ ሰው ዓይኑን የማይነቅልበት ነበረ። ላውረንስ ይህ አልተሰጠውም። እውነቱ ይነገር ከተባለ የራዲዮው ጥፋት ብቻ አይደለም። ዜማቸው ደጁን በርግዶ የሚገባ አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ እስኪጠሩት የሚጠብቅ ነው።

እዚህ ላይ ከሌላ ወገን የሚመጣብኝን ሰው ደግሞ ልቃወም እወዳለሁ። ፌልትን የሚወዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ላውረንስ ዝናን ንቆ ኖረ» ብለው ይጽፋሉ፤ እንደ መናኝ ያደርጉታል። ይህ እውነት አይደለም። ላውረንስ ዝናን አልናቀም፤ እንዲያውም ገና ከጕብዝናው ጀምሮ ታላቅ ኮከብ ለመሆን እንደሚመኝ ደጋግሞ የተናገረ ሰው ነው። ፈልጎት አጣው። ለእኔ ነገሩን የሚያከብደው ይህ ነው። የማይፈልጉትን ነገር ማጣት ቀላል ነው፤ ወይን ያልወደደ ሰው ወይን አልጠጣሁም ብሎ አይመካም። ላውረንስ ግን አብዝቶ የሚመኘውን ነገር ለማግኘት ሲል ሥራውን አላጣመመም። ሲምባሉን አንሣ ያለው ማንም አልነበረም፤ መልስልኝ የሚለው ግን ገበያው ሁሉ ነበር።

ደግሞም ፍጹም ነው አልልም። ፌልት ከተበተነ በኋላ የሠራው አንድ ነገር አለ፤ እርሱን አልወደድሁለትም። ቼሪ ሬድ በ2018 ዐሥሩን አልበሞች እንደ ገና አሳተማቸው። ላውረንስ በዚያ አጋጣሚ በአራተኛው አልበም ላይ ከነበሩት ዘፈኖች አንዳንዶቹን እንደ ገና አስቀነባበራቸው፤ የሮቢን ገትሪን ቅንብር ቀድሞም አልወደደውም ነበርና። የአምስተኛውን አልበም ስም ደግሞ ጨርሶ ለውጦ «ዘ ሰቨንቲንዝ ሴንቸሪ» አለው። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ! ሸክላው የእርሱ ነው፥ መብት አለው ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን በ1986 ያንን ሸክላ ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ስሙን ከነሥራው የራሱ አድርጎታል። ሰው ክርስትና ከተነሣ በኋላ ስሙ አይለወጥም። «ዐሥሩን ጨርሻለሁ» ያለ ሰው ተመልሶ ሲፍቅና ሲደልዝ ባይ ቅር አለኝ። ምናልባት እርሱ ራሱ በልቡ አልጨረሰ ይሆናል።

ከፌልት በኋላ ያለውን ሕይወቱን ደግሞ አጭር አድርጌ ልናገር። ዴኒም የሚባል ሌላ ጓድ አቋቁሞ በ1992 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ይህ ጊዜ ያንን ሁሉ ጥርት ያለ ጊታር ጥሎ ቀልድና ጩኸት የተቀላቀለበት ሙዚቃ መሥራት ጀመረ። በ1997 ኢ.ኤም.አይ. የተባለው ታላቅ ኩባንያ «ሰመር ስማሽ» የሚል ዘፈኑን ሊያወጣለት ተዘጋጅቶ ነበር። ዘፈኑ ደስታ የተሞላ፥ ለበጋ ወራት የሚሆን ነው፤ ስሙን ቃል በቃል ብትፈታው ግን የበጋ ግጭት ማለትም ይሆናል። ነሐሴ 31 ቀን ልዕልት ዲያና በመኪና አደጋ ሞተች። ኩባንያው ይህ ስም በእንዲህ ያለ ጊዜ አይሆንም ብሎ ሸክላውን ሳያወጣው ቀረ። በዚህ ውስጥ የላውረንስ ጥፋት የቱ ነው? ጓደኛዬ ይህንንም ክሽፈት ብሎ ይጽፍለት ይሆን?

ከዚያም ጎ ካርት ሞዛርት የሚባል ጓድ አቁሞ በ1999 አልበም አወጣ፤ ይህ ጓድ ስሙን ሞዛርት ኤስቴት ብሎ ለውጦ በ2023 ሌላ አልበም አውጥቷል። ፖል ኬሊ የተባለው የፊልም ሠሪ በ2011 ስለ ላውረንስ ባሳየው ፊልም ላይ ሰውዬው ከሚኖርበት ቤት ሲለቅቅ፥ ዕቃውን ሲሸክፍ ይታያል። ፊልሙ አያለቅስለትም፤ እርሱም አያለቅስም። ያንን ዕቃ የሚሸክፍ ሰው «ፕሪሚቲቭ ፔንተርስ»ን የጻፈው ሰው መሆኑን እያወቅሁ ስመለከት ግን ጓደኛዬ የጠየቀኝ ጥያቄ የቀልድ አለመሆኑ ተሰማኝ። ጓደኛዬ የሚለው «በመጨረሻ ኪራይ መክፈል ካልቻልህ ምን ዋጋ አለው?» ነው። እኛም የመጨረሻውን ክፍል ፈተና ወስደን በየፊናችን የምንሄድ ልጆች ነን፤ ቤተ ሰቦቻችን በየማታው የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ያለኝ መልስ ኪራይ አለመክፈልና መክሸፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሊያዝኑለት ይገባል፤ ሁለተኛው ግን በሥራው የሚመዘን ነው።

ሥራውንም የመዘኑት አሉ። በ1996 በግላስጎ ቤል ኤንድ ሰባስቲያን የተባለውን ጓድ የመሠረተው ስቱዋርት መርዶክ ለፌልት ያለውን ፍቅር ብዙ ጊዜ ተናግሯል፤ የእርሱን ጓድ ዘፈኖች የሰማ ሰው የዚያ ጥርት ያለ ጊታርና የዚያ ዝቅ ያለ አነጋገር ዘር ከወዴት እንደ መጣ ያውቃል። የቤል ኤንድ ሰባስቲያን አድማጮች ከፌልት አድማጮች እጅግ ይበዛሉ። ስለዚህ ብዙ ሺህ ሰው ሳያውቀው የፌልትን ውሃ በሌላ ቧንቧ ይጠጣል ማለት ነው። በጓደኛዬ ስልክ ላይ ያለው ቍጥር ይህንን አይቈጥርም።

ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። ይህ መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ ይታተማል። ስንት ሰው ያነበዋል? የአንባቢውን ቍጥር አዘጋጆቹ ያውቃሉ፤ ሲነግሩኝ እኔም ሣቅሁ። ያም ሆኖ ጓደኛዬ ራሱ ባለፈው ዓመት በዚሁ መጽሔት ላይ አንድ ግጥም ጽፎ፥ ከመታተሙ በፊት አንዲት ቃል ለመለወጥ ሦስት ጊዜ ወደ አዘጋጆቹ ክፍል ተመላልሷል። ለስንት ሰው ብሎ ነው የተመላለሰው?

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለእርሱ ሰጥቼ፥ አንዱን በራሴ ጆሮ አድርጌ «ፕሪሚቲቭ ፔንተርስ»ን አሰማሁት። መጀመሪያ ላይ እንጀራውን እየቈረሰ ወዲያና ወዲህ ያይ ነበር። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መብላቱን ተወ። ስድስቱም ደቂቃ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገረም። ካለቀ በኋላ አሁን ስለ ላውረንስ ይጠይቀኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ይህች ከኋላ የምትዘፍነው ሴት ማን ናት?» አለኝ።

ስምዋን በደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፍሁለት።